የሰሜን ዘር በናሩቶ ባሕር

ኦክቶበር 6
የባሕር ቅጠል የማበቅልበትን ገመድ ስጠግን ዋልኩ። ወገቤ አለቀ። ማታ ፉዩሚ ሩዝ እያቀረበች፣ «እናቴ የበረዶውን ወራት ብቻዋን አትገፋውም። ወደ ሰሜን እንሂድ» አለች። ሠላሳ ዓመት በትዳር ስንኖር እንዲህ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ... «የናፈቀሽ ያገርሽ ዋካሜ ከሆነ እዚሁ ናሩቶ አበቅልልሻለሁ። ከበቀለ እንቀራለን፣ ካልበቀለ እንሄዳለን» አልኳት። እሷ ስለ እናቷ፣ እኔ ስለ ባሕር ቅጠል።
አየት አደረገችኝና «እሺ» አለች። እሺታዋ ደስ አላለኝም።

ኦክቶበር 16
ወንድሟ ኩኒሂኮ የላከውን ዘር ዛሬ ባሕር ውስጥ አወረድኩ። የሰሜኑን በአንድ ገመድ፣ የኛን በሌላው። አባቴ ሁልጊዜ በመቅደሱ በዓል ማግስት ነበር የሚያወርደው።
«ውሃውን ለካኸው?» አለች ፉዩሚ። «ከሃያ ዲግሪ በታች ካልወረደ የኛ አገር ዘር አይችልም።»
«በዓሉ አልፏል እኮ።»
ቴርሞሜትሩ ጀልባው ውስጥ ነበር። እኔ ግን እጄን ውሃው ውስጥ ነከር አደረግኩ። ቀዝቀዝ ያለ መሰለኝ... መስሎኝ ነው መቼም።

ኦክቶበር 25
ለካሁ። ሃያ ሦስት።

ኖቬምበር 4
የሰሜኑ ገመድ ራሰ በራ ሆኗል። እንደ ባለቤቱ። የኛ ዘር ግን ግማሹ አለ፤ ሙቀቱን ለምዶታል። ሁለቱም ዋካሜ አይደሉ? ምን ይለያቸዋል?
ጎረቤታችን እትዬ ሚትሱኖ ከጀልባቸው ላይ ሆነው፣ «ሺገሩ፣ ዘንድሮ ባዶ ገመድ ነው እንዴ የምታረባው?» አሉኝ። የሳቅኩ መስዬ አለፍኩ።
ለፉዩሚ አልነገርኳትም። ለምን? መሄድ ስለፈራሁ ነዋ። ስልሳ ዓመቴ ነው። ከዚህ ባሕር ሌላ ምን አውቃለሁ?

ጃንዋሪ 19
ዛሬ ያደረግኩትን ለማንም አልናገርም። ከእትዬ ሚትሱኖ ዋካሜ ለምኜ ሾርባ ሠራሁ። «ያገርሽ ነው፣ በቀለልሽ» አልኳት። አንዴ ፉት አለች።
«የእትዬ ሚትሱኖ ነው።»
«በምን አወቅሽ?»
«ቅጠሉ ስስ ነው። የኛ አገሩ ወፍራም ነው። ደግሞስ አንተ መቼ ሾርባ ሠርተህ ታውቃለህ?»
ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። «እኔም ከሰሜን ነው የመጣሁት» አለች። «የመጀመሪያው ዓመት ሙቀት ሊገድለኝ ነበር። ያኔም የለካልኝ ሰው አልነበረም።»
ሾርባውን ጨረሰችው። የኔ ሳህኑ ላይ ቀረ።

ጃንዋሪ 20
ወደ ሰሜን ልንሄድ ነው። ጀልባውን ለእትዬ ሚትሱኖ አደራ ሰጠሁ። «እዚያ እንዳትረግፍ» አሉኝ።

ማርች 3
እናቷ ቤት ነን። ጠዋት ከኩኒሂኮ ጋር ዋካሜ አጨዳ ወጣሁ። ውሃው አምስት ዲግሪ ነው፤ ለክቻለሁ። ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤም እግሬ የት እንዳለ አላውቅም።
«አማቼ፣ የደቡብ ዘር እስከ ነገ አይቆይም እያሉ ነው ወደቡ ላይ» አለኝ ኩኒሂኮ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ማጨዴን ቀጠልኩ።
ስመለስ ፉዩሚ በር ላይ ጠበቀችኝ። የሙቀት መለኪያ ብብቴ ስር ከተተች።
«ምን እያደረግሽ ነው?»
«እየለካሁህ ነዋ።»
አፈርኩ። እስክታወጣው ድረስ እንደ ሕፃን ክንዴን ገጥሜ ቆምኩ።

«ቀዝቅዘሃል» አለች። «ግባ።»