ሦስተኛው ካብ

እኔ ጥበቡ ይርዳው፣ ዕድሜዬ ዐሥራ ሰባት፣ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ዛሬ ኅዳር 3 ቀን 2003 ዓ.ም. በላይ ጋይንት ባለው ቤታችን ይህን ኑዛዜ በገዛ እጄ ጽፌ በአራት ምስክሮች ፊት አነባለሁ። የደከመው ልቤ ነው፤ አእምሮዬ ደህና ነው። ነገ ለልብ ቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። እመለሳለሁ ብዬ አስባለሁ፤ ባልመለስ ግን የወንድሜ የይሁኔ ሥራ እንዳይፈርስ እናዘዛለሁ።

ይሁኔ ባለፈው የካቲት ሲያርፍ ተዳፋቱን ማሳ ለእኔ ትቶልኛል። ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስድበት ሁለት የድንጋይ ካብ ሠርቶ፣ ሦስተኛውን እስከ ወገብ አድርሶት ነበር። ዓለም ከዛሬው የበለጠ እህል እንደሚያስፈልጋት መምህራችን ያስተማረንን ስነግረው፣ “ዓለምን ተዋትና መጀመሪያ እኛን ሐምሌን አሻግረን” ብሎ ሳቀብኝ። ካቡ ከቆመ ወዲህ ግን ያው ማሳ ገብሱን ጨምሮ ሰጠ፤ ሐምሌንም ሳንበደር ተሻገርን። ሌላ መሬት የለንም። ያለው ሳይደክም አብዝቶ መስጠት አለበት።

ማሳውን ለእህቴ ለስንዱ አውርሻለሁ። ገብስ በበቀለበት በዓመቱ ባቄላ ይዘራበት። እማዬ፣ እበቱን ሁሉ ኩበት አድርገሽ አታንጂው፤ እኩሌታው ወደ ማሳው ይውጣ።

በሬዬ ቦራ ማሳውን ምርቱን በእኩል እየተካፈለ ለሚያርሰው ለአጎቴ ለወርቁ ይሁን። ካቡን ከነካ ግን በሬው የስንዱ ነው። አጎቴ “ካብ ገብስ አያበቅልም፤ በሬ ማዞሪያም ነሳኝ” እያለ ከሁለተኛው ካብ ድንጋይ አንስቶ ግቢውን አጥሮበታል። በክረምት ጎርፉ በዚያ ክፍተት ገብቶ ቡቃያውን ከነአፈሩ ወሰደው። አጎቴን ይቅር ብያለሁ፤ ድንጋዩን ግን አልተውም።

ለይሁኔ ሙት ዓመት የሚመጣ ሁሉ አንድ አንድ ድንጋይ ይዞ ይምጣ። ሦስተኛው ካብ ሳያልቅ ጠላ አይቀዳ።

ይህን ሳነብ የንስሐ አባታችን ቄስ ገብረ ኢየሱስ፣ “ሽማግሌም ይሸከማል?” አሉኝ።

“ለእርስዎ ትንሽ እንመርጣለን፣ አባቴ።”

ምስክሮቹ ሳቁ። አብሮ ተቀምጦ ሲሰማ የነበረው አጎቴ ወርቁ ግን ተነሥቶ ወጣ።

ምስክሮች፦ ቄስ ገብረ ኢየሱስ፣ አቶ ይታየው፣ አቶ ይርጋ፣ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ፤ ሰምተው ፈርመዋል።

ተናዛዥ፦ ጥበቡ ይርዳው።

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ወረቀቱ ሳይታጠፍ አጎቴ ወርቁ ከአጥሩ የነቀለውን ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ተመለሰ። “ደህና ሄደህ ና፤ የቀረውን አብረን እንመልሰዋለን። ይህም ይጻፍ” አለኝ። ጻፍኩት፤ ከሥሩ የጣት አሻራውን አኖረ።