የጋለ ብረትን ቀለም ያነብቡ የነበሩት የአቶ ሽባባው ጀምበሬ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሽባባው ከአባታቸው ከአቶ ጀምበሬ ብሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጅቱ አየለ በጎንደር፣ ወገራ ውስጥ በ1938 ተወለዱ። (ዘመኑ ሁሉ እዚህ እስራኤል በለመድነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ፊደል የቆጠሩት ከመንደሩ የቤተ እስራኤል ቄስ ዘንድ ቢሆንም፣ ዋናው ትምህርት ቤታቸው የአባታቸው የብረት መቀጥቀጫ ጎጆ ነበረች። ብረቱ ከደብዛዛ ቀይ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ሲሄድ እያዩ መቼ እንደሚመታ፣ መቼ ውኃ እንደሚገባ ገና በልጅነታቸው አወቁ። ማረሻውን ተቀብሎ የሚሄደው ጎረቤት ግን ዞር ሲል «ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል» ይል ነበር። ይህ ነገር ከሆዳቸው አልወጣም።

በ1961 ወይዘሮ ሐረጓን አግብተው ይህን የጻፈውን ኤልአዛርንና እህቱን ዘሃቫን ወለዱ። በ1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥተው አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ አሌፍ ሰፈር ገቡ። በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ መሮ በሚሠራ አንድ ፋብሪካ ስምንት ዓመት ወለል ጠረጉ። በ2000 አለቃቸው ራፊ መሮው የሚግልበትን እቶን በኃላፊነት ቢሰጣቸው፣ ጉድ ፈላ! የመጀመሪያውን ሳምንት መሮ በሙሉ አቃጥለው አበላሹት። ራፊም አንድ ሳምንት ብቻ ጨመረላቸው፤ ካልሆነ መሰናበታቸው ነው።

ለካስ የአባታቸው ጎጆ ጨለማ ነበረች! እዚህ በሰፊው በር ፀሐይ ይገባል፤ በፀሐይ ደግሞ የጋለ ብረት ደብዝዞ ይታያል። እሳቸውም «ገና ነው» እያሉ እሳት ሲጨምሩ ነበር። ከቤት ብርድ ልብስ አምጥተው በሩን ጋረዱት፤ በቃ፣ ነገሩ ተስተካከለ። ራፊ በመሣሪያ ቢለካ ግምታቸው አሥር ዲግሪ እንኳ አልሳተም።

«ሽባባው፣ ይህ ምን ዓይነት ዓይን ነው!» አላቸው። ምስጋና ነበር። ለእሳቸው ግን የወገራው ስድብ ነው የተመለሰው፤ ምሳቸውን ሳይነኩ ቤት ገቡ። የኤልአዛርን ልጅ ሊራዝን፣ ለባግሩት፣ ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ፈተና፣ ፊዚክስ ታጠና ነበርና፣ «እውነት ዓይናችን ውስጥ አንድ ነገር ይኖር ይሆን?» ብለው ጠየቋት።

«ሳባ፣ ከዓይንዎ አይደለም» አለቻቸው፤ ሳባ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። «ቀለሙን የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ብረትም ይሁን ሸክላ፣ እቶን ውስጥ እኩል ከጋለ እኩል ያበራል።»

በነጋታው ምስማርና የሸክላ ስባሪ አብረው እቶን ውስጥ ከተው በቀዳዳው ተመለከቱ። ሁለቱ ሲግሉ ቀለማቸው አንድ ሆኖ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃታቸው። እፎይ! ራፊን፣ ጠራጊዎቹን፣ ሹፌሩን ሳይቀር እየጠሩ አሳዩ። ማንም ዓይን ያለው ሰው የሚያየው ነገር ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ አባታችን ሌላ ሰው ሆኑ፤ የማያውቁትን ሰው እንኳ ቀና ብለው ዓይን ዓይኑን እያዩ ያነጋግሩት ጀመር።

በ2006 ኩላሊታቸው ታመመ። ሆስፒታል ሳሉ ነርሷ ኤስቲ ጆሯቸው ላይ ትንሽ መሣሪያ አድርጋ ትኩሳታቸውን ለካች። ያለ እሳት እንዴት አወቀ ብለው ቢገረሙ፣ ሊራዝ የሰው ገላም እንደሚያበራ፣ ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ግን ብርሃኑን ዓይን እንደማያየው፣ መሣሪያው ግን እንደሚለካው አስረዳቻቸው። አባታችንም፣ «እነዚያ ቡዳ ያሉንም ያበሩ ነበር?» አሉ።

«እነሱም፣ ሳባ። ልክ እንደ እርስዎ።»

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ግንቦት 9 ቀን 2007 በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ያን የልጅነት ነገር ከሆዳቸው አውጥተው ሄደዋልና፣ እኛም እያለቀስን እፎይ ብለን እንሸኛቸዋለን።