የባዶው ሕንፃ ነዋሪ

ውድ ጋሼ፣

"ውድ" ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። እስከ ዛሬ "አንቱ" እያልኩ ነበር የማናግርህ። እማዬ ታናሽ ወንድሟን እንዳከብር ስላስተማረችኝ፣ አንተ ስትገባ ከመቀመጫዬ እነሳ ነበር። ዛሬ ተደላድዬ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ፤ አንቱታውንም ትቼዋለሁ። ይቅርታ ከጠየቅሁ ሥራዬ እንደሚጠብቀኝ፣ ደመወዙም እንደሚጨመርልኝ በእማዬ በኩል የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። መልሱን እሷ ላይ ጭኜ ላስጨንቃት ስላልፈለግሁ ለራስህ ጻፍኩት።

የምስራቹን ይዘህ የመጣህበትን ቀን እስቲ አስታውሰው። የክረምቱ ዕረፍት ሊጀምር ነበር፤ ለሚቀጥለው ዓመት ትምህርቴ የምከፍለውን ለማግኘት ያላንኳኳሁት በር አልነበረም። አንዷ ጓደኛዬ መጋዘን ውስጥ ካርቶን መደርደር አግኝታለች፣ ሌላዋ መንገድ ላይ ቆማ ማስታወቂያ ማደል። አንተ መጣህ። መጀመሪያ ሽቶህ ገባ፣ ከዚያ አንተ ገባህ። ታላቅ እህትህ፣ አክስቴ፣ በእጇ የሰፋችልህን ባለ ሰማያዊ መስመር ሸሚዝ ለብሰሃል፤ "የዕድል ሸሚዜ" የምትለውን። የአባዬ ወንበር ላይ ተቀመጥክና የመኪናህን ቁልፍ ሁላችንም እንድናየው ጠረጴዛው መሃል ላይ አስቀመጥከው። አፓርታማ የምትሸጥበት ድርጅት ውስጥ ሥራ እንዳገኘህልኝ፣ ደመወዙም አባዬ ከሚያገኘው እንደሚበልጥ እሱ ፊት አወራህ። አባዬ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ሲጠይቅህ "የደንበኞች ግንኙነት ነው፣ እመኑኝ" አልክ። እማዬ መርቃ መርቃ አልጠግብ አለች። "እመኑኝ" የምትለው ሰው ሲጠረጥርህ ብቻ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም ነበር።

ሥራው መኖር ሆኖ ተገኘ። ሰው ያልገባበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አልጋ፣ ሶፋና መጋረጃ አስገባህና "ከዛሬ ጀምሮ ነዋሪ ነሽ" አልከኝ። ባዶ ሕንፃ ገዢ ያስበረግጋል፣ ሰው ሲኖርበት ካዩ ግን ስለ ውሃውና ስለ ሊፍቱ አጥብቆ የሚጠይቅ የለም ብለህ አስረዳኸኝ። የትኛው ቤት በየትኛው ምሽት መብራት እንደሚበራለት የምትወስነው አንተ ነበርክ። በሦስት ፎቅ በረንዳዎች ላይ ልብስ የማሰጣው እኔ ነኝ፤ አንዱ ላይ የሕፃን ልብስ፣ አንዱ ላይ የሽማግሌ ፒጃማ። በሩ ላይ ደግሞ ከሰልባጅ የገዛኸውን ትልቅ የወንድ ጫማ አስቀመጥክ፣ "ባል ያለሽ ይምሰል" ብለህ። የባሌን ጫማ አቧራውን እየጠረግሁ ከረምኩ። ከአንተ ይሻላል፣ ቢያንስ አይዋሽም።

ገዢ ይዘህ ስትመጣ ከመኪናው ሆነህ ትደውልና "ሽንኩርቱን ጣጂው" ትለኛለህ። ማንም የማይበላውን ሽንኩርት እጠብሳለሁ፤ ሽታው ደረጃውን ሞልቶ ይቀበላችኋል። ከዚያ በኋለኛው ደረጃ ወርጄ፣ ፌስታል አንጠልጥዬ፣ በፊት ለፊት እመጣለሁ። አንተም "ጎረቤት፣ እንዴት ነሽ?" ትለኛለህ። የእህትህን ልጅ "ጎረቤት" ስትል ፊትህ ላይ ቅንጣት እፍረት አይቼ አላውቅም። የሚስቀው ዘበኛው ብቻ ነበር፤ "ነዋሪዋ" የሚል ስም አወጣልኝ። ከመንገዱ ማዶ ካለው ቦኖ ውሃ እየቀዳ በጀሪካን የሚያወጣልኝም እሱ ነው። ጀሪካኖቹን ቁም ሳጥን ውስጥ እንድደብቅ ያዘዝከኝ ግን አንተ ነህ። ሰማዩ ሲጠቁር ደግሞ ልብስ ለማውረድ ሦስቱንም ፎቅ እሮጣለሁ፤ "ሰው የሚኖርበት ቤት ልብስ ዝናብ ላይ አይረሳም፣ ገዢ ይነቃብናል" ብለኸኛልና። ደመወዙ ጥሩ ነበር፣ ገዢዎቹንም አላውቃቸውም፤ አፌን ዘግቼ ሠራሁ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ደወልክ። ዛሬ የሚመጣው ገዢ ያለቀለት ነው፣ ሽንኩርቱን አደራ አልከኝ። ጠበስኩ። በሩ ተንኳኳ፣ ከፈትኩ። የቆመችው አክስቴ ናት።

አክስቴ፣ ጋሼ። እናታችሁ ከሞተች ጀምሮ አንተንና እማዬን ያሳደገችው፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምህን የሰፋችው፤ ቁመትህ በጨመረ ቁጥር የሱሪህን ጠርዝ እየፈታች ያስረዘመችልህ። ሊፍቱ መቼም አንተ ዘንድ ሁልጊዜ "ጥገና ላይ" ነው፣ ያን ሁሉ ደረጃ በእግሯ ወጥታ ደረቷን ይዛ ታለከልካለች። እኔን ስታይ ግን ፊቷ በራ። ድርጅቱ ቤት ሰጥቶኝ እዚህ ተንደላቅቄ እንደምኖር ነግረሃት ኖሯል። "አንቺ የምትኖሪበት ቤት ለኔ ምን ይጎድለዋል?" እያለች የሶፋውን ልብስ በጣቶቿ ዳበሰችው፣ ስፌቱን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ይህን ቤት ለመግዛት የልብስ ስፌት ሱቋን፣ ከጀርባው ካለችው መኝታ ቤቷ ጋር ልትሸጥ ነው። የሱቁን ገዢ ያመጣህላትም አንተ ነህ። ከዚያ ሱቅ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ ምንም የላትም፤ ይህን ከአንተ በላይ የሚያውቅ ደግሞ የለም።

ሌላውን ሰው ስትዋሽ ለኑሮው ብሎ ነው እል ነበር። እሷን ይዘህ በሩ ላይ ስትቆም ግን ናቅሁህ። የተቆጣሁ እንዳይመስልህ። ሰው የሚቆጣው አንድ ነገር በሚጠብቅበት ሰው ላይ ነው፤ እኔ ካንተ የምጠብቀው ነገር እዚያው በሩ ላይ አለቀ።

"ልጄ፣ እስቲ ውሃ ስጪኝ፤ ደረጃው ገደለኝ" አለች።

አንተ ከጀርባዋ ሆነህ በዓይንህ ወደ ቁም ሳጥኑ ጠቀስከኝ። ብርጭቆ አነሳሁና ለእሷው ሰጠኋት።

"ቧንቧውን ራስሽ ክፈቺው፣ አክስቴ። ቤትሽ ሊሆን አይደል?" አልኳት።

ከፈተችው። ቧንቧው ትንሽ አጉረመረመ፣ አየር ተነፈሰ፣ ዝም አለ። አሁንም በደንብ ያልከፈተችው መስሏት እስከ መጨረሻው አዞረችው። "ዛሬ ጠፍቶ ነው፣ እመኚኝ እትዬ" አልካት። እኔ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩት። ልብስ የሚባል የለበትም፤ ከታች ጀሪካን ብቻ ተደርድሯል። ከገባሁ ጀምሮ ከዚያ ቧንቧ ጠብታ ውሃ እንዳላየሁ፣ ከእኔ በቀር በሕንፃው ውስጥ የሚኖር ሰው እንደሌለ፣ የሕፃኑም የሽማግሌውም ልብስ የማንም እንዳልሆነ ነገርኳት። መጥበሻው ላይ ሽንኩርቱ እያረረ ነበር፣ ማናችንም አላወረድነውም።

አክስቴ ጀሪካኖቹን ብዙ አየቻቸው።

"ይህን ለኔ ማን ያወጣልኝ ነበር?" አለችህ።

አንተ ስልክህ ውስጥ ተደበቅህ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረህ "ቤተሰብ ፊት አዋረድሽኝ" አልከኝ። ከዚያ ወርደህ መኪናህን አስነሳህ፤ ያን ሁሉ ደረጃ ያወጣሃትን እህትህን እዚያው ትተህ። እኔና ዘበኛው በየደረጃው እያሳረፍን፣ ግራና ቀኝ ይዘን አወረድናት።

እማዬ እስካሁን አጎትሽ ነው፣ ደግሞም ሥራው ሥራ ነው ትለኛለች። አልፈርድባትም፤ ታናሽ ወንድሟ ነህ፣ ሁለታችሁም ከአንድ እጅ ነው የጎረሳችሁት። የሥራ ነገር ከተነሳ አሁን ሳይሸጥ በተረፈው የአክስቴ ሱቅ ጥግ ላይ ቁልፍ እየተከልኩ፣ ሱሪ እያሳጠርኩ ነው። የሚከፈለኝ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ከትምህርቶቼ ግማሹን ብቻ ነው መውሰድ የምችለው። ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ አጨበጭባለሁ። ይህ እንደሚያንገበግበኝ አልደብቅህም፤ ሌሊት ስነቃ ደመወዙ ትዝ ይለኛል፣ ቀጥሎ ግን "ጎረቤት" ስትለኝ የነበረው ፊትህ ትዝ ይለኝና ተመልሼ እተኛለሁ።

ትናንት ከአክስቴ ጋር ክር ልንገዛ ስንሄድ ታክሲው በሕንፃህ በኩል አለፈ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ሌሎቹ በረንዳዎች ባዶ ናቸው፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ግን አንድ ልብስ ተሰጥቷል። ባለ ሰማያዊ መስመር ሸሚዝ። በእኔ ቦታ የሚቀመጥ ተማሪ እንዳጣህ፣ ሽንኩርቱንም ራስህ እንደምትጠብስ፣ ሁልጊዜም እንደምታሳርረው ዘበኛው ነግሮኝ ነበርና ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። አንድ የቀረህ ነዋሪ የዕድል ሸሚዝህ ሆነ። እሱንም ዝናብ ላይ ረሳኸው፣ ያን ሁሉ ያስተማርከኝ ሰውዬ።

አክስቴ ግን አልሳቀችም። ሕንፃው እስኪሰወርባት ድረስ አንገቷን አዙራ አየችው።

"እየራሰበት ነው" አለች። "የሚያወርድለት ሰው የለውም እንዴ?"

እንግዲህ ለመልእክትህ መልሴ ይኸው ነው። የለህም፣ ጋሼ። እኔ አልመጣም፤ ይቅርታም አልጠይቅም። ሊፍቱ አይሠራምና ደረጃውን በእግርህ ውጣና ራስህ አውርደው።

ይህን እንደምጽፍልህ ስነግራት አክስቴ አንድ ነገር ጨምሪልኝ ብላኛለች። ሸሚዙ ቀለሙን ከለቀቀ ልኬትህን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ና ብላሃለች፣ ሌላ ትሰፋልሃለች። እኔ ብሆን አንዲት ቁልፍ አልተክልልህም ነበር።

የቀድሞ ጎረቤትህ