የአባዬ ተረከዝ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8
ጠዋት የቫኒላውን አበባ በእጅ ሳዳቅል ቆየሁ። ከዚያ ቁርስ ሳንቀምስ ከባሌ ከሶሴፎ ጋር ጤና ጣቢያ፤ ለጠቅላላ ምርመራ ደም ሰጠን። ቦርጩን መታ አድርጌ፣ "ዛሬ ጉድህ ይወጣል" አልኩት። "አንቺ እንጨት፣ መጀመሪያ ደም ይገኝብሽ" አለኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17
የሱ ኮሌስትሮል ደህና። የኔ 9.4... ከአምስት ባያልፍ ነው የሚባለው። ደማችንን አለዋውጠውት ይሆን? ነርስ ሴይኒ እንደገና ቀዳችኝ።

አርብ፣ ኦክቶበር 18
ያው ነው። ሴይኒ ትጠይቀኝ ጀመር።
"አባትሽ በስንት ዓመቱ ሞተ?"
"በአርባ አንድ። በልቡ።"
"ወንድሙስ?"
"በአርባ ሦስት..."
ጫማሽን አውልቂ አለችኝና ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት ጨበጥ አደረገችው። ወፍሯል፣ ጓጉሏል። የእርሻ ሥራ ያመጣው ይመስለኝ ነበር።
"ይሄ ከወላጅ የሚወረስ ነው ቪካ። ጮማ መቀነስሽ ይረዳል፣ ግን ምግብ ብቻውን እዚህ አያደርስም። ክኒን ትውጫለሽ፣ ዕድሜ ልክሽን። ልጅሽም ትመርመር።"
ፈራሁ። ላቪኒያ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 20
ለእማዬ ነገርኳት። አባዬ በሞተበት እሑድ ሉ ሠርታ ነበር፤ የበግ ጮማ ከኮኮናት ወተት ጋር በጎደሬ ቅጠል ተጠቅልሎ። "ድገም" ያለችው እሷ ናት። ደገመ። ሳይመሽ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሉ በቤቷ አልተሠራም፣ ሰው ቤትም አትቀምስም። በእጄ ገደልኩት ብላ አንዴ ነግራኛለች።
"እግርሽን አምጪ" አለች። ዳሰሰችው። ጣቷ እዚያው ቀረ።
"የሱ ነው... ዘይት ስቀባው ይሄ እብጠት ነበረው።"
"መቼ?"
"ገና ሙሽራ ሳለን።"
"እማዬ፣ ያኔ እኮ ድስትሽን ገና አልቀመሰም።"
አለቀሰች። እኔም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 26
ላቪኒያም ወርሳዋለች። 7.8። ቤት ገብቼ ተኛሁ። ሴይኒ፣ "በልጅነቷ መታወቁ ዕድል ነው፣ አባትሽ ይሄን አላገኘም" ትላለች። ልመናት?

እሑድ፣ ዲሴምበር 1
የኔ ወደ 5.6 ወርዷል። ላቪኒያን ዋናው ደሴት ያለው ሐኪም አይቷታል፤ መድኃኒት ልትጀምር ነው። በየቀኑ "ዋጥሽ?" እያለች የምትጨቀጭቀኝ እማዬ ናት።
ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከጉድጓድ ምድጃው ሉ አወጣች። ለኔና ለላቪኒያ ዓሣ አቀረበች፣ ለሶሴፎ ሉ። ከዚያ ለራሷ አንዱን ፈታች። ቀስ ብላ በልታ ጨረሰች።
እጇን ዘርግታ ደገመች።