ከምንጣፉ ላልተነሱት ክቡር ዳይሬክተር

ለክቡር የአየር ጉዞ ፈቃድና ቁጥጥር መምሪያ ዳይሬክተር፣
እንዲሁም ለክቡር የኮምቦልቻው አደጋ መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
(ሁለቱ ክቡራን አንድ ሰው በመሆናቸው በአንድ ፖስታ መላኬን እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ)
አዲስ አበባ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትዎ፣ በተለይም ስለ ወገብዎ እጠይቃለሁ። በነሐሴ ወር ወደ እኛ ሲመጡ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ቀኑን ሙሉ በመኪና እየተንገጫገጩ መድረስዎን ሰምተን አዝነናል። አንዳንድ ክፉ አሳቢዎች «የአየር ጉዞ ሹም እንዴት በመኪና ይመጣል?» ብለው ነበር፤ እኔ ግን ዳይሬክተሩ መልክዓ ምድር ይወዳሉ ብዬ አፋቸውን አስይዣለሁ። ፈጣሪ እግርዎን ሁልጊዜ ከጠንካራ መሬት ላይ ያድርግልዎ።

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ሌሎች ሰዎችም ስለሚኖሩ የሆነውን ባጭሩ ላስታውስ። በሐምሌ፣ ጉም ከሐረጎ ተራራ ወርዶ ሜዳውን በሸፈነበት አንድ ጠዋት፣ የሰማየ ጠል አየር አገልግሎት ትንሽ አውሮፕላን ኮምቦልቻ ላይ ካረፈ በኋላ መቆም አቅቶት፣ መንደርደሪያውን ጨርሶ፣ አጥሩን ጥሶ የአቶ ሚስባህ ማሽላ ውስጥ ገባ። ዋና አብራሪዋ፣ የደሴ ልጅ ካፒቴን ፋሲካ ወርቅአፈራሁ፣ ሞተች። ተሳፋሪዎቹ ቆስለው ተረፉ፤ ረዳት አብራሪው ሂሻምም ሁለት እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። ሂሻም ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ለጠየቀው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ፍሬኑን ረገጥን፣ ባዶ ነው። እሷም ረገጠች፣ እኔም ረገጥኩ፤ ባዶ ነው።»

ኩባንያው የዚያ አውሮፕላን መንትያ የሆነ ሌላ አውሮፕላን አለው። በእርስዎ ፊርማ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ከኮምቦልቻ መብረር ይጀምራል ተብሏል። እህቴ ሸዋረጋ የአከርካሪ ሕመምተኛ ናት፤ የእርስዎን ወገብ ያጎሳቆለው መንገድ የእሷን ፈጽሞ ይሰብረዋል ብሎ ሐኪሟ በመኪና እንዳትሄድ ከልክሏል፤ በሽተኛን በቃሬዛ አስተኝቶ አዲስ አበባ የሚያደርስ ደግሞ ከዚህ ኩባንያ በቀር አላገኘንም። ስለዚህ ሰኞ የምትሳፈረው በመንትያው ነው። ይህን መጻፌ እንግዲህ ለጽሕፈት ካለኝ ፍቅር ብቻ እንዳልሆነ ይረዱልኛል።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ ልለፍ።

፩ኛ. ስብርባሪው ዝናብ እንዳይመታው በማሰብ፣ ከኮሚቴዎ መምጣት አስቀድሞ፣ በራሱ በኩባንያው መኪና ተጭኖ ወደ ራሱ ወደ ኩባንያው ጋራዥ እንዲወሰድ ስለፈቀዱ እናመሰግናለን። የበረራ መቅጃውንም እንዲሁ በአደራ አስረክበዋል። አባቶቻችን ሥጋ ለጅብ አደራ አይሰጥም ይላሉ፤ እነርሱ ግን እንዲህ ያለ ጨዋ ጅብ አላጋጠማቸውም። ከዚህ የተነሳ ኮሚቴዎ ሲደርስ ለምርመራ የጠበቀው የተደፋ ማሽላ ነበር፤ ማሽላውንም ዙሪያውን በመዞርና ፎቶ በማንሳት በሚገባ መርምሮታል። አቶ ሚስባህ ጥግ ቆሞ «እንግዲህ አገዳውን ጠይቁት፣ ከኔ ይልቅ እሱ አይቷል» ማለቱን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩበት፤ ሰብሉ የወደመበት ሰው አፉ አይሰበሰብም።

፪ኛ. በሕይወት የተረፈውን ብቸኛ አብራሪ ብዙ በመጠየቅ ስላላደከሙት እናመሰግናለን። አልጋው ድረስ ሄደው ያቀረቡለት ጥያቄ «ጫት ትቅማለህ?» የሚል ነበር። «አልቅምም ጌታዬ፤ ያልያዘው ፍሬኑ ነው» ሲልዎት «እሱን እንደርስበታለን» ብለው ወጥተዋል። እስከ ዛሬ እየደረሱበት ይመስለኛል።

፫ኛ. ስለ ኮሚቴው አባላት አመራረጥ። ለኩባንያው ፈቃድ የሰጡት እርስዎ ሰብሳቢ ሆኑ። አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ ነው ብሎ የፈረመው የኩባንያው የጥገና ኃላፊ ኢንጂነር በላቸው አባል ሆነ። የኩባንያው የበረራ ኃላፊም እንዲሁ። ከእነዚህ ውጭ ገለልተኛ አይን ያስፈልጋል ተብሎ ከራስዎ ቢሮ ሁለት የበታች ሠራተኞችዎ ተጨመሩ። «አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ» የሚለው ተረት አባትና ልጅ በአንድ ኮሚቴ ተቀምጠው ቃለ ጉባኤ ሲፈራረሙ ከማየቱ በፊት የተተረተ ነው።

ከዚህ በኋላ ላለው ነገር ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ማመስገኛ ቃልም አጥቼለታለሁ።

ነገሩ በሰላም እንዲዘጋ አስበው የሟቿን አባት አቶ ወርቅአፈራሁንና ኩባንያውን እንዲያስታርቁልዎ ሼህ አብዱልወሀብን አስጠሩ። ሼኹ አበጋር ናቸው። በእኛ በወሎ ደም ሲፈስ ነገሩን የሚይዙት አበጋሮች መሆናቸውን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በእነርሱ ምንጣፍ ላይ አብሮ እንደሚቀመጥ የነገረዎት ሰው መልካም አድርጓል። ያልነገረዎት ነገር ቢኖር አበጋር መርቆ ለመሄድ ብቻ እንደማይመጣ ነው።

በማሽላው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ምንጣፉ ተነጠፈ። ሼኹ ዱአ ከመክፈታቸው በፊት ዘወትር የሚጠየቀውን ጠየቁ፦ «ከሟችም ከተጠያቂም ጋር ሥጋ ያለው፣ ጥቅም ያለው፣ እንጀራ ያገናኘው ይነሳልን።» በአገራችን ይህን ሰምቶ መነሳት ነውር የለውም፤ የተነሳ ሰው ራቅ ብሎ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ውሃም ይቀርብለታል። እያወቀ ያልተነሳ ግን ከዚያ ወዲያ ለሠርግም አይጠራም።

አቶ ወርቅአፈራሁ የሟች አባት ነውና ቀድሞ ተነሳ። ኢንጂነር በላቸው ደግሞ፣ እርስዎ ሲመርጡት ያላጣሩት ነገር ቢኖር፣ የዚሁ የወሎ፣ የቦሩ ሜዳ ልጅ ነው፤ እግሩ ከሐሳቡ ቀድሞ ቆመ። እርስዎ ኮቱን ይዘው «ተቀመጥ እንጂ፣ ይሄ ባህል ነው፤ የኛ ቴክኒክ ነው» ሲሉት «ክቡር ዳይሬክተር፣ እናቴ ብትሰማስ?» አለ። የበረራ ኃላፊው እሱን አይቶ ተነሳ። ሁለቱ የቢሮዎ ሠራተኞችም እርስዎን አዩ፣ ሼኹን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ተነሱ።

ምንጣፉ ላይ ከሼኹና አብረዋቸው ከመጡት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት የቀሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ።

«አንቱስ የኔ ጌታ?» አሉ ሼኹ። «ፈቃዱን የሰጡት አንቱ አይደሉም እንዴ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ፤ «ስለዚህም ጉዳዩን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ሼህ አብዱልወሀብ መቁጠሪያቸውን ሰበሰቡ። «ወላሂ፣ እውነት ተናገሩ» ብለው ተነሱ። «ዱአው ይቆየን። እንጀራ ያላገናኘው ሰው ሲመጣ ጥሩን።» ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተከተሏቸው። እርስዎ ስልክዎን እየነካኩ ለጥቂት ጊዜ ብቻዎን ተቀምጠዋል፤ ምንጣፉ የሰው ስለነበር ባለቤቱ እስኪነሱ በትዕግሥት ጠብቋል።

በመስከረም የወጣው ሪፖርትዎ አደጋው «በአብራሪዋ ስህተት» መድረሱን ይገልጻል። ስለ ፍሬን አንድ ቃል የለውም። መጨረሻው ላይ ግን «የምርመራ ሂደቱ በአገር ሽማግሌዎች ምርቃት ተጠናቋል» ይላል። ሼኹ ይህ ሲነበብላቸው «እኔ መርቄያለሁ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ከሪፖርቱ በኋላ አቶ ወርቅአፈራሁን ለማጽናናት ሄጄ ነበር። ሪፖርቱን አጣጥፎ ከፎቶዋ ሥር አስቀምጦታል። «ልጄ አጥፍታ ከሆነ ይንገሩኝ፣ እችለዋለሁ» አለኝ። «ብቻ የሚነግረኝ ሰው እጁን ታጥቦ ይምጣ።» ክቡርነትዎ ከዚህ ዓረፍተ ነገር የተሻለ የአደጋ ምርመራ መመሪያ ካገኙ እንዲልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እኛ የሰው ጥፋት ይደበቅ አላልንም፤ ሰው ይታሰር ብለንም አልመጣንም። የምንለምነው ፈቃድ ከሚሰጠው ቢሮ ያልተወለደ፣ ለእርስዎ ሪፖርት የማያደርግ፣ ከኩባንያው ጋር ምሳ የማይበላ መርማሪ ስብርባሪውን ከጋራዡ አውጥቶ፣ መቅጃውን ሰምቶ፣ ያ ፍሬን ለምን ባዶ እንደሆነ እንዲነግረን ነው። ያንንም ለወቀሳ ሳይሆን መንትያው ሰኞ ሲያርፍ እንዲቆም ብለን ነው። እስከዚያ ድረስ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይቆይልን፤ መሬት እንደሚመችዎ እርስዎም ያውቃሉ።

በታላቅ አክብሮት፣ አንገቴን ዝቅ፣ ጆሮዬን ግን ወደ ሰማይ ቀና አድርጌ፣ ለጉዞዎ የተደላደለ አስፋልት እየተመኘሁ እሰናበትዎታለሁ።

ወንድምአገኘሁ ሞላ
ከደሴ

ማስታወሻ፦ በሰኞው በረራ ከሸዋረጋ ቃሬዛ አጠገብ ለአስታማሚ የሚሆን አንድ ወንበር አለ። እኔ ልሄድበት ነበር፤ ሆኖም አውሮፕላኑ ይብረር ብሎ የፈረመ ሰው እያለ ለእኔ አይገባኝም ብዬ በክቡር ስምዎ አስይዤልዎታለሁ። እህቴም፣ እርስዎ አብረዋት እንደሚሄዱ ነግሬያት በጣም ተጽናንታለች። ሼህ አብዱልወሀብም ሰኞ ኮምቦልቻ ወርደው ሊሸኟችሁ ቃል ገብተዋል፤ እርስዎ ከተሳፈሩ ያቆዩትን ዱአ እዚያው ያደርሳሉ። ካልተሳፈሩ ደግሞ እህቴን እኛው መልሰን ወደ ቤቷ እናስገባታለን፤ ምርመራውም ያን ጊዜ ተጠናቀቀ እንላለን።