ደጁ የሚከፈትበት ቀን

አባዬ፣

ሰው ፊት አንቱ ስልህ ኖሬ ቤት ስንገባ አንተ ነበርክና፣ ዛሬም እንደ ቤታችን ልጻፍልህ። ከተለየኸን ስምንት ወር ሞላ። ስምንቱንም ወር ተናድጄብሃለሁ፤ መጀመሪያ ይህን እወቅልኝ።

ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያውን ቆርቆሮ እናልብሰው ብንላት እማዬ እምቢ አለች፤ አንተ የከደንከው የጓሳ ሣር እስኪያልቅ አይነካም ብላለች። በጓሮ በኩል ያፈሳል፣ ከሥሩ ባልዲ ደቅና ትኖራለች። በጎችህን አጎቴ ይዟቸዋል። አዎ፣ እሱው። የጋራ መሬታችን ጓሳ ላይ ሣር ማጨድ በተከለከለበት ዓመት ተደብቆ ሲያጭድ ያገኘኸው፣ ጠባቂ ነህና ማጭዱን ነጥቀህ ለሽማግሌዎች የከሰስከው ወንድምህ። ዓመት ሙሉ አኩርፎህ ከረመ፤ በአርባህ ቀን ግን እንደሱ ያለቀሰ የለም።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የማጠናውን ልብ ወለድ መቼም አትረሳውም፤ ከምድር በታች ስለተደበቀችው ከተማ የሚያወራውን። እግርህ አብጦ ከመደብ መነሣት ባቃተህ ክረምት አጠገብህ ተቀምጬ አነበብኩልህ። አንተ እኮ ጉድ ነህ፤ የእውነት አገር መስሎህ፣ ያለ ፀሐይ ገብሱን በምን እንደሚያበቅሉት ጠየቅከኝ። ፈጠራ ነው ብልህም አልለቀቅከኝም። የከተማዋ ገዥ ደጁን ዘግቶ ማንም እንዳይወጣ የከለከለበት ቦታ ስንደርስ፣ እኔ ጨቋኝ ነው ብዬ ጻፍኩ። አንተ ራስህን ነቀነቅክ። ጓሳንም እኛ እንዘጋዋለን፣ ሣሩ እስኪያገግም ዓመታት ይጠበቃል፣ መዝጋቱ ነውር የለውም አልከኝ። የሰውየው ጥፋት የሚከፈትበትን ቀን ለሕዝቡ አለመናገሩ ነው አልክ። እኛ ተማክረን ዘግተን፣ ተማክረን እንከፍታለን፤ ቀኑም በገበያና በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አየሁህ። ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ያላገኘሁትን አንተ መደብ ላይ ተኝተህ አገኘኸው።

የመመረቂያ ጽሑፌን ሦስተኛ ምዕራፍ በዚያው ሐሳብ ጻፍኩት፣ ስምህንም ጠቀስኩ። አማካሪዬ ምዕራፉን እንዳወጣው አዘዘኝ። ገበሬ የተናገረው ማስረጃ አይሆንም፣ ካላወጣሁትም አይፈርምልኝም አለኝ፤ እስከ ዓርብ ቀን ሰጠኝ። ሐሙስ መለስኩለት። አላወጣሁትም። ስምህ በግርጌ ማስታወሻ ነበር፤ አሁን ከእነአባትህ ስም የምዕራፉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ነው። ጓሳን ስንት ዓመት እንደጠበቅክም ጨመርኩበት። ካልፈረመ ሌላ ዓመት እቀመጣለሁ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ይየው። አልዋሽህም፣ ስልክለት ፈርቼ ነበር። ግን አይቆጨኝም።

የተናደድኩብህ በዚህ አይደለም። ከልብ ወለዱ ሁለት ምዕራፍ ሲቀረን ሄድክብኝ። ደጁ ይከፈት አይከፈት ሳትሰማ ሄድክ። ቀኑን ሳትነግረን ዘጋህብን፣ አባዬ። በራስህ ሕግ ይህ ጥፋት ነው። አንተ ለወንድምህ እንኳ አላለፍክለትም፤ እኔም አላልፍልህም።

ለሙት ዓመትህ እመጣለሁ። ፍትሐቱ አልቆ ሰዉ ወደ ድግሱ ሲሄድ፣ እኔ መቃብርህ አጠገብ ቁጭ ብዬ የቀሩንን ሁለት ምዕራፎች ጮክ ብዬ አነብልሃለሁ። አበደች ይበሉኝ። ቄሱም ከፈለጉ ይቆጡ። በየዓመቱም እየመጣሁ፣ በዚያ ዓመት ያነበብኩትን እነግርሃለሁ፤ እኔ እያለሁ አትረሳም።

እኔ ግን እንዳንተ አይደለሁም፣ ቀኑን እነግርሃለሁ። የጥቅምት መድኃኔ ዓለም ማግስት፣ ከቅዳሴ በኋላ። ጠብቀኝ።

ልጅህ