ቡፌ ውስጥ የታሰረው ዋይፋይ

ሰኞ

ሜሽ ግዙ ይለናል! ቤታችን ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ነው እንዴ? የእህቴ ባል ኢንጂነር ነኝ ብሎ፣ ከሶፋው ሳይነሳ፣ "ዋይፋዩን እየተቀባበሉ ጓሮ ድረስ የሚያደርሱ ሦስት ሣጥኖች ያስፈልጓችኋል" አለ። እኔ ስናገር ደግሞ "አንቺ የስልክ ከቨርሽን ሽጪ!" አለኝ። ባህል አዳራሽ አካባቢ የስልክ ጥገና ሱቅ ከፍቼ ስንቱን የሞተ ስልክ ያስነሳሁ እኔ! ማንም አላስተማረኝም፤ እያቃጠልኩ ነው የተማርኩት።

ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ታናሻችን ትዕግስት ሐሙስ በቪዲዮ የሥራ ኢንተርቪው አላት። ሐሙስ ደግሞ የእማዬ የጸሎት ኅብረት ሳሎን ይሰበሰባል። መዝሙሩ መኝታ ቤት ድረስ ስለሚሰማ ያላት ቦታ ጓሮ ሰርቪስ ቤት ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ዋይፋይ የለም።

ማክሰኞ

ጥፋተኛውን አገኘሁት ብዬ ጮህኩ። እማዬ ራውተሩን ቡፌ ውስጥ፣ ከሳህኖቿ መሀል ከታ ዳንቴል አልብሳዋለች። "አቧራ እንዳይገባው ብዬ ነው ልጄ።" ዳንቴሉን ገፈፍኩት። ስልኬን ይዤ ሰርቪስ ቤት ሮጥኩ። ያው ባዶ።

እማዬ ዳንቴሏን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ

ሱቅ ሳልሄድ ቡፌውን ደግሜ አየሁት። ጀርባው ሙሉ የፊት መስታወት! ዙሪያው የብረት ትሪ! ሁለቱም ዋይፋይ አያሳልፉም። ራውተሩን አውጥቼ ጓሮውን የሚያየው መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። መኝታ ቤት ሙሉ። ግቢው ሙሉ። ሰርቪስ ቤት በር ላይ ሁለት መስመር፣ ውስጥ ዜሮ። ግድግዳው ቆርቆሮ ነዋ!

ከሱቅ አሮጌ ራውተርና ረጅም ኬብል አመጣሁ። ኬብሉን ከቤቱ ራውተር ቀጥዬ በመስኮት አወጣሁት፣ በጣሪያው ጠርዝ አሳለፍኩት፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ አሮጌው ራውተር ላይ ሰካሁት። ሙሉ!

ኢንጂነሩ መጥቶ "በዚህ ዘመን ኬብል?" ብሎ ሳቀ። "ያንተ ሜሽ ቆርቆሮ ይበሳል?" አልኩት።

ሐሙስ

ሱቄን ዘግቼ ግቢው መሀል ቆምኩ። ከፊቴ መዝሙር፣ ከኋላዬ ኢንተርቪው። ማንም ኬብሉን እንዳይነካ እየጠበቅኩ ነው።

ትዕግስት ላብ በላብ ሆና ወጣች።

"ተቆረጠብሽ?"

"አንዴም! እናሳውቅሻለን ብለውኛል።"

ይቀጥሯት አይቀጥሯት እንጃ። በዋይፋይ ግን አትወድቅም። ሜሽ አንገዛም፣ አለቀ!

ኅብረቱ ሲበተን ሳሎን ገባሁ። ራውተሩ መስኮቱ ላይ እንዳለ ዳንቴሉን ለብሷል። እማዬ ልጮህባት መስሏት ቀና ብላ አየችኝ። ዳንቴል ዋይፋይ አይከለክልም፤ ማክሰኞ በዳንቴሉ ያለ ጥፋቷ ነው የጮህኩባት።

"አምሮበታል እማ" አልኳት።